«መሬቱ አርፏል» ብለውኛል፤ አምኜ ልቀበላቸው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ተመካክረው የመጡ ይመስላሉ። ከመቂ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከወዲያ ከሜሪላንድ ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። የተረጨ ኬሚካል አፈር ውስጥ ስንት ጊዜ ይቆያል? ቆይቶስ ማንን ይጎዳል? ስለ በግ እከክ የጻፋችሁልኝ ቅር አይበላችሁ፤ ሳምንት እመለስበታለሁ። ዛሬ አፈር ላይ እንውላለን።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከመቂ ነው። ከዝዋይ ሐይቅ ብዙም የማይርቅ ግማሽ ሄክታር መሬት ተከራይቻለሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው አራት ዓመት ሙሉ ቲማቲም ሲያመርትበት ነበር። ጎረቤቶች እንደሚሉት በየሳምንቱ ይረጭ ነበር። ባለ መሬቱ ደግሞ ‹ስድስት ወር አርፏል፣ ጸድቷል። ጠርሙሱም ላይ ያለው 14 ቀን ነው› ይሉኛል። እኔ መጀመሪያ ሽንኩርት፣ ቀጥሎ ፎሶሊያ ልተክል አስቤያለሁ። ዳር ላይ ስድስት ቀፎ ንብም ላስቀምጥ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያችን 14 ቀን እናንሳት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሷ ላይ ነው። 14 ቀን ማለት ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ መጠበቅ ያለበት ጊዜ ነው። የምትጠብቀው ቲማቲሙን የሚበላውን ሰው ነው። ቅጠሉና ፍሬው ላይ ፀሐይ አለ፣ ነፋስ አለ፣ ዝናብ ያጥበዋል። ያጠበው ግን የት ሄደ? ወደ አፈሩ ወረደ። ስለ አፈሩ ያች ወረቀት አንድም ቃል አልተናገረችም።

አፈሩ የራሱ ሰዓት አለው። ባለሙያዎች ግማሽ ዕድሜ ይሉታል፤ ከተረጨው ውስጥ ግማሹ እስኪፈርስ የሚፈጀው ጊዜ ማለት ነው። ክሎርፓይሪፎስን እንውሰድ። ቲማቲም ላይ ብዙ የተረጨ ፀረ-ተባይ ነው። አፈር ውስጥ ግማሽ ዕድሜው አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 120 ቀን ይሆናል። ለባለ መሬቱ እናድላላቸውና ዝቅተኛውን፣ 60 ቀንን እንያዝ።

አሁን እስክሪብቶ አንሳ። ያ ሰውዬ በየሳምንቱ አሥር ጊዜ ረጨ እንበል። የመጀመሪያው ርጭት ሳያልቅ ሁለተኛው ይደርብበታል፣ ሁለቱ ሳያልቁ ሦስተኛው። አሥረኛውን ረጭቶ መርጫውን ከትከሻው ሲያወርድ አፈሩ ላይ የሰባት ርጭት ያህል ተጠራቅሟል። ከዚያ መሬቱ አረፈ። በ60 ቀን ሦስት ተኩል ቀረ። በ120 ቀን ወደ ሁለት ገደማ። በ180 ቀን፣ ማለትም በስድስት ወሩ፣ ከአንድ ርጭት ትንሽ ያነሰ። «አርፏል» የተባለው መሬት ዛሬ ጠዋት አንዴ የተረጨ ያህል ነው ማለት ነው። እርግጥ ሁሉም አፈር ላይ አይወድቅም፤ ቅጠል ላይ የቀረም፣ በነፋስ የሄደም አለ። ያንን ቀንስለት። ግን የሦስቱን ቀዳሚ ዓመታት ሒሳብ አልደመርኩብህም። ቱታ አብሶሉታ የምትባለዋ የቲማቲም ጠላት እ.ኤ.አ. በ2012 አገራችን ከገባች ወዲህ ደግሞ አሥር ርጭት ለብዙ ሰው ትንሽ ነው።

ይህ ሒሳብ ግን ሒሳብ ብቻ ነው። እንዴት እንደሚያሳስት እኔው ልንገርህ።

በ1987 ዓ.ም. ገና ወጣት የልማት ሠራተኛ ነበርኩ። አንድ ገበሬ በቆሎው ላይ አትራዚን የሚባል ፀረ-አረም ረጭቶ ነበር። በቀጣዩ ወቅት ቦሎቄ ልዝራ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ቢሮ ገብቼ መጽሐፍ ገለጥኩ። ግማሽ ዕድሜው 60 ቀን ይላል። ቆጠርኩ፣ አካፈልኩ፣ «ዝራ፣ ምንም የለውም» አልኩት። ቦሎቄው በቀለ። ሁለት ሳምንት አማረበት። ከዚያ የታችኛው ቅጠል ከጠርዙ ጀምሮ ቢጫ ሆነ፣ ቢጫው ወደ መሐል ገባ፣ ጠርዙ ነደደ። ሦስት ጥማድ ቦሎቄ ቆሞ ሞተ። ሰውዬው አልተቆጣኝም። አንድ ቅጠል ቆርጦ መዳፌ ላይ አስቀመጠና «ያንተ መጽሐፍ ዘንድሮ ዝናብ እንደቀረ ሰምቷል?» አለኝ። እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኛውን ኬሚካል አፈር ውስጥ የሚያፈርሱት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። እነሱ ደግሞ ርጥበትና ሙቀት ይፈልጋሉ፣ የሚበሉት ብስባሽም ይፈልጋሉ። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ሥራ ያቆማሉ። ደጋ ላይ ሲበርድም እንዲሁ። ስለዚህ ያንተ መሬት «ስድስት ወር» ያረፈው በየትኞቹ ወራት ነው? ከጥቅምት እስከ መጋቢት ከሆነ፣ ውኃም ካልጠጣ፣ ያን ያህል አልሠራም። ሰኔን፣ ሐምሌን፣ ነሐሴን ይዞ ከሆነ ሌላ ነው።

የአፈሩ ዓይነትም አለ። መረሬ መሬት ኬሚካሉን አጥብቆ ይይዛል። የያዘው ነገር ለመፍረስ ይዘገያል፤ ግን ወደ ከርሰ ምድር ውኃም ቶሎ አይወርድም። አሸዋማ አፈር ለቀቅ ያደርገዋል። በእናንተ አካባቢ አፈሩ ብዙ ቦታ ወደ አልካላይነት፣ ማለትም ወደ አሲዳማ ተቃራኒ፣ ያዘነብላል። ክሎርፓይሪፎስ እንዲህ ያለ አፈር ላይ ፈጠን ብሎ ይፈርሳል፤ ይህ ለአንተ ደግ ዜና ነው። ስንዴ ላይ የሚረጩት እነ ሜትሰልፉሮን የተባሉ ፀረ-አረሞች ግን ተቃራኒ ናቸው። አሲዳማ አፈር ላይ ይፈርሳሉ፣ አልካላይ ላይ ይቆያሉ። ቱፎርዲ የሚባለው ፀረ-አረም ደግሞ አፈሩ ርጥብና ሞቃት ከሆነ በሳምንት ሁለት ሳምንት አብዛኛው ይሄዳል። ስለዚህ «ኬሚካል ስንት ጊዜ ይቆያል?» ለሚል ጥያቄ መልስ የለኝም። የትኛው ኬሚካል፣ የት አፈር፣ በየትኛው ወር ካልከኝ እንነጋገራለን።

ደግሞ መቆየቱ ብቻውን ጉዳት አይደለም። አውሮፓውያን አንድ ፀረ-ተባይ ገበያ ከመግባቱ በፊት የመሬት ትል ላይ ይሞክሩታል። ግማሾቹን ትሎች የሚገድለው መጠን ስንት ነው? ማሳው ላይ ይገኛል ተብሎ የሚገመተውስ ስንት ነው? የመጀመሪያው ከሁለተኛው ቢያንስ አሥር እጥፍ ካልበለጠ ወደ ዝርዝር ምርመራ ይገባሉ። ግማሽ ዕድሜው ከ120 ቀን ካለፈ ደግሞ «ብዙ የሚቆይ» የሚል ምልክት ይደረግበታል። ቶሎ የማይፈርሱ መርዞችን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፉ የስቶክሆልም ስምምነት ደግሞ ልኩ ስድስት ወር ነው። አየህ፣ ጥያቄው ሁለት ነው። ስንት ቀረ? የቀረውስ እዚያ ለሚኖረው ስንት ይበዛበታል?

እዚያ የሚኖረው ማን ነው? የመሬት ትል አለ። ትሉ ከሞተ ውኃ የሚገባበት ቀዳዳ አብሮ ይደፈናል። ጣዝማም አለች። የጣዝማ ማር በየቤቱ ለሳል ሲፈለግ፣ ጣዝማ ራሷ ግን መሬት ውስጥ እንደምትኖር ብዙ የከተማ ሰው አያውቅም። ቤቷ አፈር ነው፤ አፈሩ ከተመረዘ የምትሸሽበት የላትም። የቀፎ ንብህን በተመለከተ ግልጹን ልንገርህ፤ ከአፈሩ ይልቅ የሚያሰጋኝ ጎረቤትህ ነው። ንብ ለቀሰም ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። አጠገብህ በአበባ ሰዓት የሚረጭ ካለ ያንተ አፈር ቢጸዳም አያድናትም። ቀፎ ከማስቀመጥህ በፊት ከጎረቤቶችህ ጋር ቡና ጠጣ። በማታ እንዲረጩ፣ ከመርጨታቸውም በፊት እንዲነግሩህ ለምናቸው። ለንቦቹም ንጹሕ ውኃ አቅርብላቸው፤ ከማሳው ቦይ እንዳይጠጡ።

አሁን ወደ ሥራው። ላብራቶሪ ከመሄድህ በፊት ቤትህ የምትሠራቸው ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው የትል ሙከራ ነው። ሰፋ ያለ ሳፋ ውሰድ። መሐሉን በካርቶን ክፈለው። በአንዱ ጎን ከማሳህ ያመጣኸውን አፈር፣ በሌላው መድኃኒት አይቶ የማያውቅ አፈር ሙላ። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥሩ ነው፤ አስፈቅደህ ግን። ሁለቱ አፈሮች ተመሳሳይ መሆን አለባቸው፣ አንዱ አሸዋ ሌላው መረሬ ከሆነ ትሉ የሚመርጠው የሚመቸውን ነው። ርጥበታቸውም እኩል ይሁን፤ ስትጨብጠው የሚያያዝ፣ ውኃ ግን የማያንጠባጥብ። ካርቶኑን አውጣና መሐል መስመሩ ላይ አሥር ትል አኑር። ትል የምታገኘው ከሙዝ ሥር ወይም አሮጌ ፍግ ከተከመረበት ነው። በጨርቅ ሸፍነህ ጥላ ውስጥ 48 ሰዓት ተወው። ከዚያ ካርቶኑን መልሰህ ሰክተህ በየጎኑ ቁጠር። ከአሥሩ ከስምንት በላይ ወደ ንጹሑ ከሸሹ ያ አፈር ለትል አይሆንም። አምስት ለአምስት፣ ስድስት ለአራት ከሆነ ግን ሽሽት የለም። አንዴ ሠርተህ አትመን፣ ሦስት ጊዜ ድገመው። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፣ ላብራቶሪዎችም በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠሩበት ዘዴ ነው። እነሱ ሳፋ አይሉትም እንጂ። ልጆች ካሉህ ቆጠራውን ለእነሱ ተው፤ ጓንት ብቻ አድርግላቸው።

ትሉ ፀረ-አረምን ላይነግርህ ይችላል። ለዚያ ሁለተኛው ሙከራ አለ። በሦስት ጣሳ የማሳህን አፈር፣ በሦስት ጣሳ ንጹሑን ሙላና አራት አራት የፎሶሊያ ፍሬ ዝራበት። ሦስት ሳምንት ጠብቅ። ቅጠሉ እንደ ማንኪያ ከታጠፈና ግንዱ ከተጣመመ የእነ ቱፎርዲ ዘመድ አለበት። ከጠርዙ ቢጫ እየሆነ ከነደደ የእኔን የ1987 ዓ.ም. ቦሎቄ አየህ ማለት ነው።

ማሳውን ስትዞር አንድ ቦታ በተለይ ፈልግ፤ ሰውዬው መድኃኒቱን የሚበጠብጥበትንና መርጫውን የሚያጥብበትን። አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ያለበት ጥግ ነው፣ ባዶ ጠርሙስም አይታጣበትም። በሃይላንድ ተገልብጦ የተሸጠም ታገኛለህ፤ ስም የለው፣ ምልክት የለው። እዚያች ቦታ ላይ ያለው መጠን ከሌላው ማሳ ጋር አይነጻጸርም። ምንም አትትከልባት። ለላብራቶሪ ናሙና ከወሰድክም የእሷን ለብቻ አድርግ። ከቀረው ማሳ እየዞርክ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ በ20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍረህ በአንድ ባልዲ ቀላቅል። ከዚያ አንድ ኪሎ ያህል በብርጭቆ ማሰሮ አድርገህ፣ ፀሐይ ሳያየው በቶሎ አድርስ። ምን ምን ሲረጭ እንደነበረ ስም ይዘህ ብትሄድ ገንዘብህን ትቆጥባለህ። «ያለውን ሁሉ ፈልጉልኝ» ማለት ውድ ነው።

ፈተናውን ካለፈ ሽንኩርትህን ትከል። አጠራጣሪ ከሆነ ደግሞ መሬቱን ደረቅ አድርገህ አታሳርፈው። ውኃ አጠጣው፣ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ጨምርበት፣ ገልብጠው። በሐይቁ በኩል ባለው ዳር ሁለት ሦስት ሜትር ሣር ተውለት፤ አፈሩ በጎርፍ ሐይቅ እንዳይገባ።

ጥያቄ፦ «ከአርባ ምንጭ ነኝ። የእናቴን የጭቃ ቤት አፍርሰን በብሎኬት ልንሠራ ነው። ድሮ ወባ አጥፊዎች በየዓመቱ እየመጡ ግድግዳውን ዲዲቲ ይረጩት ነበር። የፈረሰውን ጭቃ ጓሮዬ ውስጥ ደልድዬ ጎመንና ዱባ ብተክልበትስ? ዶሮዎችም አሉኝ።»

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። አታድርጊው።

ዲዲቲ ግድግዳ ላይ የሚረጨው በካሬ ሜትር ከ1 እስከ 2 ግራም ነበር፤ ሆን ተብሎ እንዲቆይ። ትንኟ ጠግባ ግድግዳ ላይ ስታርፍ እንድትሞት ነው። ብዙ ሕይወት አትርፏል፣ ይህን አልክድም። ፀረ-ተባይነቱን እ.ኤ.አ. በ1939 ያወቀው ስዊዘርላንዳዊው ፖል ሙለር በ1948 ኖቤል ተሸልሞበታል። አገራችን ትንኞቹ ስለተላመዱት እ.ኤ.አ. በ2009 ገደማ ትታው ወደ ሌላ መድኃኒት ዞረች። ጭቃው ግን አልዞረም። አፈር ውስጥ የዲዲቲ ግማሽ ዕድሜ ከ2 እስከ 15 ዓመት ይሆናል። ሲፈርስም ባብዛኛው ዲዲኢ ወደሚባል ነገር ይለወጣል፤ እሱ ደግሞ ከአባቱ የባሰ ግትር ነው። ኬሚስቶች የአንድን አፈር ዕድሜ የሚያውቁት በዚህ ነው፤ ዲዲኢው ከበለጠ አሮጌ ርጭት ነው፣ ዲዲቲው ከበለጠ ሰው በቅርቡ ረጭቷል።

እኔን ከጎመኑ ይልቅ ያሳሰቡኝ ዶሮዎችሽ ናቸው። ዶሮ ስትጭር የምትለቅመው ጥሬ ብቻ አይደለም፣ አፈሩንም ትውጣለች። ዲዲቲ ስብ ይወዳል። ከአፈር ወደ ዶሮ ስብ፣ ከስቡ ወደ እንቁላሉ አስኳል ይገባል። ከዚያ ልጆችሽ ይበሉታል። በትልልቅ አዕዋፍ ላይ ደግሞ ዲዲኢ የእንቁላሉን ቅርፊት ያሳሳል። አሜሪካ ውስጥ ንስርና ፔሊካን የተመናመኑት ሲታቀፉት እንቁላሉ እየተሰበረ ነው። የእኛም ሐይቆች ነጻ አይደሉም፤ ዝዋይና ሐዋሳ ዓሣ ውስጥ የዲዲቲ ቅሪት በጥናት ተገኝቷል።

ዱባን በተመለከተ፣ የሚያስገርም ነገር አለ። ከአትክልት ሁሉ አፈር ውስጥ ያለውን ዲዲኢ በሥሩ ስቦ በማውጣት ዝኩኒና አንዳንድ የዱባ ዘሮች የታወቁ ናቸው። ጎመን እንደዚያ አይደለም። ካፈረሱት ጭቃ ላይ የመጨረሻው መተከል ያለበት ነገር ዱባ ነው።

ምን ላድርገው ካልሽ፣ ሲፈርስ ውኃ ረጭታችሁ ይፍረስ፣ አቧራው እንዳይቦን። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ጭቃውን ከጉድጓድ ውኃ፣ ከዶሮና ከጓሮ ራቅ አድርገሽ አዲሱ ቤት ወለል ሥር ሙሊው። ብሎኬትና ሲሚንቶ ከተጫነበት ዶሮም አይጭረው፣ ጎርፍም አይወስደው።

ጥያቄ፦ «ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። በጋራ የአትክልት ቦታ ላይ ቃሪያ፣ ቲማቲምና ሐበሻ ጎመን ተክዬ ነበር። አንድ ሰው ነጻ የፈረስ ፍግ አምጥቶ አከፋፈለን። ቃሪያውና ቲማቲሙ ቅጠላቸው ተጠቅልሎ ቀረ፣ ጎመኑ ግን ደህና ነው። በሽታ ነው?»

መልስ፦ በሽታ አይመስለኝም፤ ፍጉ ነው። አሚኖፒራሊድ የሚባል ፀረ-አረም አለ፤ የግጦሽ ሣር ላይ ይረጫል። ሣሩን አይነካም፣ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ነው የሚገድለው። ፈረሱ ድርቆሹን ይበላል፣ ኬሚካሉ ሳይፈርስ አልፎ በፍጉ ይወጣል። ፍግ ቢከመርም ቶሎ አይሄድም። ቲማቲም፣ ቃሪያና ፎሶሊያ ከሁሉም ይብስባቸዋል፤ ጎመን ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 ስንቱን ጓሮ አበላሽቶ ሽያጩ ለጊዜው ቆሞ ነበር። ለመቂው ወንድማችን የነገርኩትን የፎሶሊያ ሙከራ ፍጉን ከንጹሕ አፈር ጋር ቀላቅለሽ ሥሪው። ከተጠቀለለ ያ መደብ ላይ ዘንድሮም ለከርሞም በቆሎ ትከዪበት። የበቆሎውን አገዳ ግን ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሪ። ከእንግዲህ ደግሞ ፍግ ሲሰጡሽ «ፈረሱ የበላው ድርቆሽ ምን ተረጭቶበታል?» ብለሽ ጠይቂ። የማያውቅ ከሆነ አመስግነሽ መልሺለት።

ጥያቄ፦ «ብርቱካን ላይ የምንረጨው የመዳብ መድኃኒት ግማሽ ዕድሜው ስንት ነው?» (ስም አልጻፉም)

መልስ፦ የለውም። መዳብ ንጥረ ነገር ነው፣ አይፈርስም። የረጩት ሁሉ እዚያው አለ፣ የመሬት ትልም አይወደውም። ቦርዶ በሚባለው የፈረንሳይ ወይን አገር ከ1880ዎቹ ጀምሮ የተረጨው መዳብ እስከ ዛሬ አፈሩ ውስጥ ይለካል። በዓመት ስንት ኪሎ እንደረጩ መዝግበው ይያዙ።

የመቂው ወንድሜ፣ ሳፋውን የሠራህ ዕለት ጻፍልኝ። ከአሥሩ ስንቱ ወዴት እንደሄዱ፣ አፈሩ ርጥብ ነበር ወይስ ደረቅ፣ ወሩም የትኛው እንደሆነ አክልበት።